ነፋሱን ለሐያት ስጽፍላት

ማክሰኞ ኅዳር 5፣ 2004። ረፋድ

ስድስት ሜትር ቆርጬ ሰጠሁ። ወፍራሙን አረንጓዴ ሸራ፣ ለጅቡቲ መስመር ሹፌር። ሊጠቀልለው ሲል ነፋሱ ከእጁ ነጠቀና ራሱን አከናነበው። ውስጥ ሆኖ ሲራገም ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም።

ደብተሬ፣ የዛሬው ነፋስ ለጉድ ነው። ደጅ የሰቀልኩት ላስቲክ ሲርገበገብ ደንበኛ የሚለኝ አይሰማኝም፤ ከንፈር እያየሁ ነው ዋጋ የምናገረው። ብርቄ ገመድ ሰጠችኝና አሰርኩት። ብርቄ ማለት ጎረቤቴ፣ ገመድ ሻጯ፣ የምንጃር ልጅ። ሃያ ዓመት አንድ ግድግዳ ተካፍለን ስንነግድ የተጣላነው ሁለቴ ብቻ ነው፤ ሁለቴም በሷ ጥፋት።

ልጄ ሐያት ትናንት አልደወለችም። ሰኞ ቀኗ ነበር።

ከ/ሰዓት። አሁንም የለችም። አዲስ ጥቅል ሸራ ፈታሁ። ልጅ ሳለች ከት/ቤት መጥታ ጥግ ያለው ጥቅል ላይ ቁጭ ብላ ነበር የቤት ሥራዋን የምትሠራው። አዲስ ሸራ ሲፈታ ሽታው ያስነጥሳታል። ሦስት ጊዜ፤ ሁልጊዜ ሦስት። ዛሬ ስፈታ ቆም ብዬ ጠበቅኩ። ማን ያስነጥስ።

ጀርመን ከሄደች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆናት። ስትሄድ ይኼን ደብተር የሰጠችኝ ብቻሽን እንዳታወሪ ብላ ነው። የምታጠናው ነፋስ ነው። ሰው ልጅሽ ምን ተማረች ሲለኝ ነፋስ እላለሁ፤ የቀለድኩ ይመስላቸዋል።

ማክሰኞ ኅዳር 12። ረፋድ

ኅዳር ሲታጠን። ከንጋት ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ጥራጊውን ደጅ አውጥቶ ያቃጥላል። የብርቄ ሚካኤል የኔም ሆነና አሮጌ ካርቶንና የተቀደደ ማዳበሪያ አዋጣሁ። ሁላችንም በጢሱ እናለቅሳለን፣ እናስላለን፣ እንነግዳለን።

ሐ. ደወለች። ድምጿ ደከም ብሏል። ምን ሆነሻል ብላት ሥራው እንቢ አለኝ አለች። ልቧን ላነሳሳ ብዬ ስለ ጢሱ አወራኋት። ወዴት ነው የሚሄደው እማ፣ አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ወጥቼ አየሁላት። ጎህ ሲቀድ ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር፣ አሁን ግን ወደ አንዋር መስጊድ በኩል ተኝቷል አልኳት። እዚህ ያለው ኮምፒዩተር ሁሉ ቢሰበሰብ ይኼን አያውቅም አለች። አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። ታለቅሻለሽ እንዴ? ጉንፋን ነው አለች።

ጉንፋን አይደለም። እኔ ነኝ የወለድኳት።

ጢሱ የት እንደሄደ ጻፍኩት። ከዚያ ሐሳብ መጣልኝ። ከኔ ሸራ የሚገዛ ሰው ሁሉ ከነፋስ ጋር የሚኖር ሰው ነው። ሹፌሩ፣ እህል ነጋዴው፣ አውድማ ላይ የሚያነጥፈው ገበሬ። እጠይቃቸዋለሁ፣ እጽፍላታለሁ። ሥራዋ ቶሎ ቢያልቅላት ቶሎ ትመጣለች። ይኼው ነው፤ ሌላ ምን አለኝ።

ዓርብ ኅዳር 15

ከጁምዓ ሶላት በፊት ላስቲክ ተራኮቱብኝ። መስጊዱ ሞልቶ አስፋልቱ ላይ ነው የሚሰገደው፤ ሰው በሁለት ሜትር ላስቲክ ቦታውን ይይዛል። ነፋሱ ጫፉን ሲያነሳባቸው በየማዕዘኑ ጫማቸውን ጫኑበት። ከሱቄ ሆኜ ሳይ መንገዱ በሙሉ በጫማ የተቸነከረ ይመስላል።

ጥያቄዬን ጀመርኩ። አንድ የአርሲ እህል ነጋዴ፣ ነፋሱ ካምናው በርትቷል፣ ጥሩውን ሸራ ስጪኝ አለ። ጻፍኩ። አንድ የምንጃር ገበሬ ደግሞ፣ የብርቄ አገር ሰው፣ ምን ነፋስ አለ እቴ፣ ጤፋችን ተወቅቶ የሚያዘራው ነፋስ አጥቶ አውድማ ላይ ተቀምጧል፣ ስሷ ላስቲክ ትበቃኛለች፣ ቀንሺልኝ አለ። ጻፍኩ። ቀነስኩለትም፣ ብርቄ በግድግዳው ቀዳዳ እያየችኝ ምን ላድርግ።

ረቡዕ ኅዳር 20። ከዙህር በኋላ

ሐ. ዛሬ ብዙ አወራችኝ። ሳልረሳው እንደገባኝ ልጻፈው።

ሞዴል የሚሉት ነገር አለ። ዓለምን ኮምፒዩተር ውስጥ ይሠሯታል፤ ፀሐዩን፣ ባሕሩን፣ ተራራውን አስገብተው፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ነፋሱ በየት ይነፍሳል፣ ምን ያህል ይነፍሳል ብለው ይጠይቋታል። አንድ ብቻ አይደለም፤ የየአገሩ ሊቅ የየራሱን ሠርቷል። ሙቀቱን ስትጠይቂያቸው ሁሉም ይጨምራል ይላሉ፣ እዚያ ላይ ጭቅጭቅ የለም። የኛን አገር የበጋ ነፋስ ስትጠይቂያቸው ግን ገሚሱ ይበረታል ይላል፣ ገሚሱ ይደክማል ይላል። የሷ ሥራ የትኛው እንደሚታመን መለየት ነው።

እኔ ታዲያ ምን ይቸግርሻል አልኳት። መርካቶ ሦስት ሱቅ ዋጋ ጠይቀሽ መካከሉን ትይዣለሽ። ሳቀች፣ ያ የድሮ ሳቋ። እነሱም እንደዚያ ያደርጋሉ አለች። ግን እማ፣ አንዱ ይበረታል፣ አንዱ ይደክማል ካለ መካከሉ ምንም አይለወጥም ሊሆን ነው። እሱን ደግሞ ማናቸውም አላሉም።

ይኼን ነገር ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። እውነቷን ነው።

ደግሞ አንዱ ጣጣ፣ አገሩን የሚቆርጡት በትልልቅ ካሬ ነው። ደጋው፣ ቆላው፣ ገደሉ ሁሉ አንድ ካሬ ውስጥ ይገባና ከፍታው እኩል ይሆናል። ነፋስ ግን የሚሮጠው በገደሉ አፍ ነው። ገባኝ አልኳት፤ መቀስ የሌለው ሸራ ሻጭ በይው፣ ጥቅሉን ካልወሰድሽ አልሸጥም የሚል። ይኼን ለአስተማሪዬ እነግረዋለሁ አለች። የምር ነው ወይ? የምር ነው አለች። ቀኑን ሙሉ ኩራት ተሰማኝ።

ማንን ይጠቅማል ብዬም ጠየቅኋት። ነፋስ ወደ መብራት የሚለውጡትን ረጃጅም ማማዎች የት እንደሚተክሉ ለማወቅ፣ አለች። ዛሬ ነፋስ ያለበት ቦታ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ላይኖረው ይችላል። ማወቅ አለብን፣ ካላወቅን ደግሞ አናውቅም ማለት አለብን።

ሰኞ ኅዳር 25

ገጽ ሞላሁ። ጋሽ ሙላቱ፣ ሠላሳ ዓመት የነዳ ሹፌር፣ ሜዳው ላይ ነፋሱ ተሳቢውን እንደ ሰው ትከሻ ይገፋዋል አለ፤ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ወፍራሙን ወሰደ። አንዲት የድንኳን አከራይ ደግሞ ነፋሱስ ጠፋ ጠፋ፣ ርካሹን አሳዪኝ አለች።

አንድ ደንበኛ ከቀበሌ ተልከሽ ነው ወይ አለኝ። ብርቄ በቀዳዳው፣ አዎ ነፋሱን ልትመዘግበው ነው፣ መታወቂያ ልታወጣለት አለችው። ሰውየው ግማሹን አመነ መሰለኝ፣ ሳይገዛ ሄደ።

ቤት ስገባ የሐ. ጫማ አልጋው ሥር። አንስቼ ጠረግኩት። ምን አቧራ አለው፣ የሚጫማው የለ።

ሐሙስ ኅዳር 28። ረፋድ

ደወለች። ቀኗ አይደለም።

ሥራ ሰጥተዋታል። ሦስት ዓመት። እዚያው፣ ያንኑ ጥያቄ እንድትቀጥል። እስከ ታኅሣሥ 20 መልስ ስጪ ብለዋታል። ምን ትያለሽ እማ? እኔ ምን ልበል። ማሻአላህ አልኩ። ስንት ጊዜ ማሻአላህ እንዳልኩ አላውቅም። ከዘጋች በኋላ ለአንድ ሰው አራት ሜትር ቆርጬ አምስት ብዬ ተቀበልኩት። ሰውየው ሄዶ ለክቶ ተመለሰ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ውርደት።

ሦስት ዓመት። ሁለት ከአራት ወር ሲደመር ሦስት። አባቷ ጀማል፣ አላህ ይዘንለት፣ ቢኖር ሁለት ሆነን እንናፍቃት ነበር። ለሁለት ይቀል ነበር መሰለኝ።

ቅዳሜ ኅዳር 30

ብርቄ ነገሩን ሰማች። መድኃኒቱ አጭር ነው አለች፣ ታምሜያለሁ በያት። የአጎቷ ልጅ ከቤሩት የመጣችው እንደዚያ ነው። እናትየው ተኛች፣ ልጅቷ ገባች፣ እናትየው ተነሳች። አሁን ልጅቷ አግብታ ሁለት ወልዳለች፣ ምን ጎደለባት?

እኔ አልዋሻትም አልኩ።

"መዋሸት ማን አለሽ" አለች ብርቄ። "ናፍቆት በሽታ አይደለም እንዴ? ስሙን ብቻ ቀይሪው።"

እሑድ ታኅሣሥ 1

ደም ግፊት አልኳት።

ሱቅ ውስጥ ራሴን ሳትኩ፣ ብርቄ ናት ያነሳችኝ፣ ሐኪሙ ብቻሽን መኖር የለብሽም አለኝ አልኳት። እንዴት እንደመጣልኝ። አንዱ ሲወጣ ሌላው እየተከተለ፣ ልክ ሸራ ስሸጥ እንደሚሆነው። ትንፋሿ ሲቆረጥ ሰማሁት።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 3

ትመጣለች። ደብተሬ፣ ትመጣለች። ሥራውን አልቀበልም፣ ዓርብ ታኅሣሥ 20 ነግሬያቸው ትኬት እቆርጣለሁ አለች። አልሐምዱሊላህ። ነፋሱንስ አልኳት። ሌላ ሰው ያጠናዋል አለች። ፈጠን አድርጋ ነው ያለችው፣ ትኩስ ነገር ከእጇ እንደምትጥል ሰው።

ሱቅ ዘግቼ ሸማ ተራ ሄድኩ። አንድ ጋቢ መረጥኩላት፣ ጥለቱ ደብዘዝ ያለ፤ ደማቅ አትወድም። ሻጩ ለሙሽራ ነው ወይ አለኝ። ለልጄ ነው፣ ከውጭ ልትመጣ ነው አልኩት። እንኳን ደስ ያለሽ አለ። ወገቤ ሁሉ ቀለለኝ።

ሰኞ ታኅሣሥ 9። ከ/ሰዓት

ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ፊቷን አየሁ። ከስታለች። መልኬን ስትመረምር ጊዜ ፈጀች፤ ቀላሽ እማ፣ ያብጥሻል? መብራቱ ነው አልኳት።

ሥራውን ብትተወውም፣ ከደንበኞች ሰበሰብኩልሽ ያልኳትን የነፋሱን ጽሑፍ አሳዪኝ አለች። ገጹን ወደ ካሜራው አስጠግቼ አነበብኩላት። አርሲ፣ በርትቷል። ምንጃር፣ ደክሟል። ጋሽ ሙላቱ፣ በርትቷል። እሷ ትጽፋለች። ቆይታ፣ ይኼኛው ምን ገዛ፣ አለችኝ። ወፍራሙን። ይኼኛዋስ? ስሱን። ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ከዚያ እስክርቢቶዋን አስቀመጠች።

ወፍራም የገዛው ሁሉ ነፋሱ በርትቷል ብሏል። ዋጋ ያስቀነሰሽ ሁሉ ደክሟል ብሏል። አንቺስ ምን ብለሽ ነው የጠየቅሻቸው? አሰብኩ። ዘንድሮ ነፋሱ ከባድ ነው አይደል፣ ብዬ ነዋ። ሃያ ዓመት ወፍራሙን የሸጥኩበት አፍ። እሷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፣ ዓይኔን እስኪያነባኝ። የወር ልፋቴ የዋጋ ክርክር ሆኖ አረፈው።

አትዘኚ አለችኝ። የሚነግርሽ ሰው ከመልሱ የሚፈልገው ነገር ካለ መልሱ ይጣመማል፤ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ለዚህ ነው መሣሪያ የምንተክለው፣ መሣሪያ ምንም አይፈልግም። ሁሉንም ሰረዘች። አንድ ብቻ አስቀረች፣ የኅዳር 12ን ጢስ። እሱን ማንም አልገዛውም አለች።

ልዘጋ ስል፣ እማ ለግፊትሽ መለኪያ ልኬልሻለሁ፣ የምታውቂው ሰው ያመጣልሻል አለች።

እሺ አልኩ።

ዓርብ ታኅሣሥ 13

ሥራ አልያዘልኝም። ጋቢው አልጋዋ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ ሳየው ደስ ይለኛል፣ ሳየው ይከፋኛል። ለብርቄ ነገርኳት። ስትመጣ ትድኛለሽ፣ ዱአ ተደረገልኝ ትያለሽ፣ አለቀ አለች። ሐ. ግን በቀላሉ የምታምን ልጅ አይደለችም፣ መቼ ጀመረሽ፣ ምን በልተሽ ነበር ትላለች አልኳት። "ታዲያ ለምን እስካሁን አመነችሽ?" አለች ብርቄ። እሷ እንኳ ለቀልድ ነበር ያለችው።

ረቡዕ ታኅሣሥ 18። ከዙህር በኋላ

መለኪያው መጣ። ዱባይ ተራ ሱቅ ያላት የኛው ሰፈር ልጅ ናት ያመጣችልኝ፣ ዕቃ ልትገዛ ውጭ ሄዳ ጀርመን እህቷ ጋ ደርሳ ነው የመጣችው። ትንሽ ሣጥን፣ ክንድ ላይ የሚጠመጠም፣ ቁጥር የሚያሳይ። በውስጡ የሐ. ጽሕፈት፣ ቁልቁል ዘመም የሚለው፦

"እማዬ፣ ጠዋትና ማታ ለኪ። አምስት ደቂቃ ተቀምጠሽ። ያለውን እንዳለ ጻፊ። ሦስቴ ለክተሽ ደስ ያለሽን አትምረጪ፣ አውቅሻለሁ። ሐሙስ ስደውል ታነቢልኛለሽ።"

አንብቤ ደግሜ አነበብኩት። የኔ እናት ትመስላለች ስትቆጣ።

ለካሁ። 122 በ 78። ብርቄ ከፋርማሲው ሄዳ ጠየቀችልኝ፤ እግዜር ይመስገን፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነሽ ብለውልሻል አለች።

ያደረግኩትን ልጻፍ፣ ደብተሬ፣ ካንቺ ምን እደብቃለሁ። የገበያ አዳራሹን ፎቅ ደረጃ ሦስት ጊዜ ወጣሁ ወረድኩ። ጉልበቴ እየጮኸ፣ ጥበቃው ምን ጠፋሽ እትዬ እያለኝ። ሮጬ መጥቼ አጠለቅኩት። ከፍ አለ። 149። ደስ አለኝ፣ ደብተሬ። ጤናዬ ሲበላሽ ደስ አለኝ። ጻፍኩት። ከዚያ ተቀምጬ ሳየው ሳየው፣ አሥር ደቂቃ ቆይቼ ስለካ ወርዷል። መሣሪያው ምን ያድርግ፣ እኔ ነኝ የምፈልግ።

ሐሙስ ታኅሣሥ 19። ጠዋት

አምስት ደቂቃ ተቀመጥኩ። ሱቁ አልተከፈተም፣ ጥቅሉ ላይ ተቀምጬ። 118 በ 76።

ሐ. ሥራውን አልቀበልም የሚለውን ደብዳቤ ጽፋ ጨርሳለች፣ ነገ ነው የምትሰጠው። ትናንት በመልእክት ነገረችኝ። አስተማሪዋ አዝኗል፣ ይኼን ጥያቄ እንዳንቺ የሚወደው የለም ብሏታል። ይኼንን ለኔ ለምን ነገረችኝ? እንዲሁ ነው የነገረችኝ። ለእናቷ አይደለም እንዴ።

ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ነገር ስትጠይቂያት፣ ካላወቀች አላውቅም ትላለች። ጀማል ይበሳጭባት ነበር፣ ደፋር ናት እያለ። እኔ ነበርኩ ተዋት የምለው።

ከቀኑ 7:40። የትናንቱን 149 ልሰርዘው ነበር፣ ተውኩት፤ አጠገቡ “ደረጃ ወጥቼ ሆን ብዬ” ብዬ ጻፍኩበት። ከስር የዛሬውን። ሁሉንም እንዳለ አነብላታለሁ። ሱቅ ውስጥ ራሴን ስቼ እንደማላውቅ እነግራታለሁ፣ ሐኪም ዘንድም እንዳልሄድኩ። ከዚያ ናፍቀሽኛል እላታለሁ፣ በጣም፣ እሱ ውሸት አልነበረምና ይጻፍ። ነይ አልልም። ቆዪም አልልም። ትቆጣ ይሆናል። ደብዳቤውን ቀዳ ትጥለው ይሆናል፣ ወይ ትሰጠው ይሆናል። እኔ አላውቅም። ዛሬ ካልነገርኳት ግን ነገ የምትወስነው በኔ አፍ ነው።

7:55። ስልኩ ላይ ካርድ ሞላሁ፤ እሷ እስክትደውል አልጠብቅም። ሱቁን ብርቄ ትጠብቅልኛለች። ምን ልታደርጊ ነው አላለችኝም፣ ፊቴን አይታ በርጩማዋን ይዛ መጣች። ደብተሩን ጭኔ ላይ ገልጫለሁ።

ይጠራል። ሁለት። ሦስት። ሐያትዬ